ጭነቱ ወዴት ሄደ? ስለ ተፈጥሯዊ አሯሯጥ የሁለት ሰዎች ምልልስ

ከዚህ በታች የሚከራከሩት ጋሽ ደምሴና ሰብለ የጸሐፊው ፈጠራ ናቸው፤ እሳቸው ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር፣ እሷ ፊዚዮቴራፒስት። የሚጠቅሷቸው ጥናቶችና ውድድሮች ግን እውነተኛ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጋሽ ደምሴ፦ የእኔ ክርክር ከሮም ይነሳል። አበበ ቢቂላ በ1960 ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ፤ በጊዜው ከዚያ የተሻለ ሰዓት በዓለም ላይ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጫማ ሠሪው ያልሞከረው ነገር የለም። ሶሉ ወፍሯል፣ ተረከዙ ከፍ ብሏል፣ ዋጋውም ሰማይ ነክቷል። ታዲያ ጉልበቱን፣ ቅልጥሙን፣ ውስጥ እግሩን ይዞ እናንተ ዘንድ የሚሰለፈው ሯጭ መች ቀነሰ? ሰው ለመሮጥ የተፈጠረ ነው ትላላችሁ፤ ለመሮጥ የተፈጠረ እግር በመሮጥ ከተጎዳ ጥፋቱ የጫማው እንጂ የእግሩ ሊሆን አይችልም። አውልቆ፣ በተረከዝ መሬት መደብደቡን ትቶ፣ በፊት እግር እያረፉ መሮጥ ነው መፍትሔው። ሌላው ሁሉ ገበያ ነው።

ሰብለ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ መነሻዎን ላጠናክርልዎ፣ ከዚያ ድምዳሜዎ ላይ እንከራከር። በ2004 ዴኒስ ብራምብልና ዳንኤል ሊበርማን ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ የሰው አካል ለረጅም ርቀት ሩጫ የተመቸ ነው ብለው ተከራክረዋል። ረጅሙ የተረከዝ ጅማት፣ ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ፣ ጭንቅላታችንን ከኋላ ይዞ የሚያረጋጋው ጅማት፣ በላብ መቀዝቀዝ መቻላችን፣ እነዚህ ሁሉ ለመራመድ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባላስፈለጉ ነበር ይላሉ። በ2010 ደግሞ ሊበርማንና ባልደረቦቹ በኬንያ ስምጥ ሸለቆ በባዶ እግራቸው ያደጉ ሯጮችን ጫማ ለምደው ካደጉ ጋር አነጻጸሩ። በተረከዙ የሚያርፍ ሰው እግሩ ገና መሬት እንደነካ ኃይሉ በድንገት ሽቅብ ይዘላል። በፊት እግሩ በሚያርፈው ላይ ግን ያ ድንገተኛ ምት የለም ማለት ይቻላል፤ ቁርጭምጭሚቱ እየታጠፈ፣ ባቱና የተረከዝ ጅማቱ እየተለጠጡ ያበርዱታል። እስከዚህ ድረስ አብረን ነን። ያ ጥናት የለካው ግን ምትን ነው፤ ማን ተጎዳ፣ ማን ደህና ከረመ የሚለውን አልለካም። ከምት ወደ ጉዳት የዘለሉት አንባቢዎቹ ናቸው።

ጋሽ ደምሴ፦ ምት ከቀነሰ ጉዳት ይቀንሳል ለማለት ደግሞ ሌላ ጥናት ያስፈልጋል እንዴ?

ሰብለ፦ ያስፈልጋል፤ ጭነት ቦታ ይለውጣል እንጂ አይጠፋምና። አንዲትን እርምጃ ቀረብ ብለን እንያት። ደልደል ባለ ፍጥነት ስንሮጥ በእያንዳንዱ እርምጃ መሬት የሰውነታችንን ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል መልሶ ይገፋናል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 150 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። በደቂቃ 170 እርምጃ ቢራመድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ጊዜ ይህን ይሸከማል፤ ለእያንዳንዱ እግር 5 ሺህ ይደርሰዋል። ሰውየው በተረከዙ ሲያርፍ የጉልበቱ ሎሚና የቅልጥሙ ፊት ብዙውን ሥራ ይቀበላሉ። በፊት እግሩ ሲያርፍ ደግሞ ተረከዙ ቶሎ እንዳይወድቅ ባቱ ጎትቶ መያዝ አለበት። የተረከዝ ጅማቱ ከሰውነቱ ክብደት ከአምስት እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ይወጠራል፤ ከጣቶቹ ኋላ ያሉት ቀጫጭን አጥንቶችም በየእርምጃው ጎበጥ ይላሉ። የመጀመሪያዋ ድንገተኛ ምት ቀርታለች፣ እውነት ነው። የሚወርደውን ሰውነት አቁሞ መልሶ የማንሳቱ ሥራ ግን አልቀረም፤ ከጉልበት ወደ ባት፣ ከቅልጥም ወደ ተረከዝ ጅማትና ወደ እግር ጣቶች ሥር ተዛውሯል። ጉልበቱን ለሚያመው ሯጭ ይህ ዝውውር እፎይታ ሊሆን ይችላል። የተረከዝ ጅማቱ አስቀድሞ የተጎዳበትን ሰው ግን ያው ምክር ያልጋ ቁራኛ ባያደርገው እንኳ ለወራት ከሩጫ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ተፈጥሯዊ አሯሯጥ ልማር ሲለኝ የማነሳለት ጥያቄ አንድ ነው፦ ጭነቱን ወዴት ልትወስደው ነው? የምትወስድበት ቦታስ ለመቀበል ተዘጋጅቷል?

ጋሽ ደምሴ፦ ይሁን። ግን ከሁለቱ አሯሯጥ አንዱ የተፈጥሮ ነው፣ አንዱ ጫማ ያስለመደን። ጭነቱን ተፈጥሮ ወደ መረጠችለት አካል መመለስ ምን ክፋት አለው?

ሰብለ፦ ተፈጥሮ የመረጠችው የትኛውን እንደሆነ እርስዎ እንዳሉት ግልጽ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ባለቀ ነበር። በ2013 ሌሎች ተመራማሪዎች በሰሜን ኬንያ ወደ ዳሰነች ሰዎች ሄዱ። ወገኖቻቸው በእኛ በኩል በኦሞ ወንዝ ታችኛው ዳርቻ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያለ ጫማ የኖሩ 38 አዋቂዎች በሚመቻቸው የረጅም ርቀት ፍጥነት ሲሮጡ ታዩ፤ ከመቶ 72 ጊዜ ያህል ያረፉት በተረከዛቸው ነበር። ፍጥነታቸው ሲጨምር ግን የብዙዎቹ እግር አጣጣል ወደ መሐል እግር ይለወጥ ጀመር። እነዚህን ሰዎች ጫማ አበላሻቸው ልንል አንችልም። እንግዲህ ባዶ እግር አንድ ዓይነት አሯሯጥ አይወልድም። ፍጥነቱ፣ መሬቱ፣ ልምዱ፣ የሰውየው ቁመናና የየዕለቱ ኑሮው ሁሉ ድርሻ አላቸው።

ጋሽ ደምሴ፦ እዚህ ላይ አልለቅሽም። ዳሰነች አርብቶ አደር ነው፤ ብዙ ይራመዳል እንጂ ሯጭ ልትይው አትችይም። ሊበርማን ያያቸው የስምጥ ሸለቆ ካሌንጂኖች ግን የሯጭ ዘር ናቸው። ሩጫን የምንማረው ከሚሮጠው ነው ወይስ ከሚራመደው? ደግሞ በሀርቫርድ ሯጮች ላይ የተደረገውን ጥናት ለምን ዘለልሽው? በተረከዛቸው የሚያርፉት እጥፍ ይጎዳሉ አላለም?

ሰብለ፦ ብሏል፤ መነሳቱም ተገቢ ነው። ጥናቱ በ2012 የታተመ ሲሆን 52 የዩኒቨርሲቲው ሯጮችን ተመልክቶ፣ በተረከዛቸው የሚያርፉት በመደጋገም የሚመጣ ጉዳት ሁለት እጥፍ ያህል እንደሚያገኛቸው አሳይቷል። ነገር ግን በፊት እግራቸው ያርፉ የነበሩት ልጆች ትናንት የለወጡ አልነበሩም፤ እንደዚያ መሮጥ የቆየ ልማዳቸው ነበር። ባታቸው፣ ጅማታቸው፣ የእግራቸው አጥንት አብሮ ጠንክሯል። ጥናቱ የለመደ ሰው ምን እንደሚመስል ይነግረናል፤ ሰኞ ተነስቶ የለወጠ ሰው አርብ ላይ ምን እንደሚሆን ግን አይነግረንም። ያንን ለማወቅ ሌላ ጥናት ማየት አለብን፣ እሱም በ2013 ወጥቷል። ልምድ ያላቸው 36 ሯጮች ለ10 ሳምንት ተከታትለው ታዩ፤ 19ኙ አምስት ጣት ያለውን የቪብራም ስስ ጫማ ቀስ በቀስ እንዲለምዱ ተደረገ። በመጨረሻ በኤም አር አይ ሲታዩ ከ19ኙ በ10ሩ ላይ ቢያንስ በአንድ የእግር አጥንት ውስጥ ያለው የመቅኔ እብጠት ጨምሮ ተገኘ፤ ይህ የአጥንት መድከም ምልክት ነው። ኩባንያው በበኩሉ ጫማው ጉዳት ይቀንሳል ብሎ ባስነገረው ማስታወቂያ ተከሶ በ2014 ጥፋት ሳያምን 3.75 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጉዳዩን በስምምነት ዘጋ። ገበያ ያሉትን ቃል እኔም እቀበላለሁ፤ ግን ገበያው በወፍራሙም በስሱም በኩል ተቀምጧል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ትንፋሽ ቶሎ ይለምዳል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዳገቱ ይቀላል፣ ልብ ይረጋጋል፣ ሰውየው «ዛሬ በረታሁ» ይላል። አጥንትና ጅማት ግን በዚያ ፍጥነት አይሄዱም። አጥንት አዲስ ጭነት ሲያገኝ በመጀመሪያ የደከመውን ክፍል ቦርቡሮ ያወጣል፣ ቀጥሎ ነው አዲሱን የሚሞላው፤ ቁፋሮው በሳምንታት ሲያልቅ ሙሌቱ ወራት ይፈጃል። የጭቃ ቤት ሲታደስ አሮጌው ምርጊት ተፍቆ አዲሱ እስኪደርቅ ድረስ ግድግዳው ከነበረበትም ይሳሳል፣ የአጥንቱም ነገር ይኸው ነው። ሯጩ በረታሁ የሚልበት ወቅትና አጥንቱ የሚደክምበት ወቅት የሚገጣጠሙት ለዚህ ነው።

ጋሽ ደምሴ፦ የአርሲን ልጅ ታዲያ ምን ትይዋለሽ? በባዶ እግር ወይም በኮንጎ ጫማ ትምህርት ቤት ደርሶ የሚመለስ፣ ከብት የሚያግድ፣ ዳገት ቁልቁለት የማይለይ። ከበቆጂ ደራርቱ ወጣች፣ ቀነኒሳ ወጣ፣ ጥሩነሽ ወጣች። ኃይሌ አሰላ አካባቢ ሲያድግ ትምህርት ቤቱ በአንድ ጉዞ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቀው ነበር። ማን ነው በኤም አር አይ ያያቸው? ማን ነው አሯሯጥ ያስተማራቸው?

ሰብለ፦ ያስተማራቸው ጊዜ ነው፣ ክርክሬም ይኸው ነው። የገጠር ልጅ እግሩን ያጠነከረው በልዩ አሯሯጥ ሳይሆን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በየቀኑ፣ በተለያየ መሬት ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእግር ጉዞ ባገኘው ጥቂት ጥቂት ጭነት ነው። ሩጫ የሚሉት ነገር ሲመጣ ከ10 ዓመት በላይ የተዘጋጀ እግር ይጠብቀዋል። የአዲስ አበባው የቢሮ ሠራተኛ በ35 ዓመቱ የቀነኒሳን አሯሯጥ በቪዲዮ አይቶ ሊቀዳ ሲነሳ የሚቀዳው የመጨረሻውን ምስል ብቻ ነው። ሁለተኛው ነገር፣ እኛ የምናየው ያሸነፉትን ነው። ከበቆጂ ሜዳ በጉዳት ቀርተው ወደ እርሻ ወይም ወደ ንግድ የተመለሱትን ልጆች ስም የሚያውቅ የለም። ያሸነፉትም ቢሆኑ ከጉዳት አላመለጡም። ኃይሌ ከሲድኒ ኦሎምፒክ በኋላ የተረከዝ ጅማቱን ቀዶ ሕክምና አድርጓል፤ ቀነኒሳን ከ2010 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ከውድድር ያራቀው የባት ጉዳት ነው። ሁለት ሰው ጥናት አይሆንም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ጭነቱ ወዴት እንደሚሄድ ቅድም ያልኩትን አይቃረንም። አበበንም ካነሱ እስከ መጨረሻው እንከተለው። በ1964 ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ 35 ቀን ገደማ በኋላ፣ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ፤ ከሮም ሰዓቱ ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጠነ። በ1968 ሜክሲኮ ላይ ግን እግሩን ታሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደ። በባዶ እግር ያሸነፈው እግር በጫማም አሸንፏል፤ ያው እግር ደግሞ ታሟል።

ጋሽ ደምሴ፦ እንደዚህ ከሆነ አሯሯጥ ማስተማር ዋጋ የለውም ማለት ነዋ። ሁሉም እንዳመጣለት ይሩጥ?

ሰብለ፦ እንደዚያስ አልልም። በ2018 የታተመ የሆንግ ኮንግ ጥናት ትልቅ ትምህርት አለው። 320 ጀማሪ ሯጮች በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን በመሮጫ ማሽን ላይ ሆኖ የእግሩን ምት በስክሪን እያየ ለስለስ አድርጎ እንዲያርፍ ለሁለት ሳምንት ሰለጠነ፤ ሁለተኛው ያለ ስክሪኑ እንዲያው ሮጠ። ዓመት ሙሉ ሲከታተሏቸው ከሰለጠኑት የተጎዱት ከመቶ 16፣ ካልሰለጠኑት ደግሞ ከመቶ 38 ነበሩ። ለእርስዎ ወገን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉልኝ። የታዘዙት «ለስለስ በሉ» ተብለው እንጂ «በጣታችሁ እረፉ» ተብለው አይደለም፤ እንዴት እንደሚለሰልሱ የየራሳቸው ሰውነት ፈልጎ አገኘው። ሁለተኛ፣ በሰለጠኑት ላይ የጉልበትና የውስጥ እግር ሕመም ሲቀንስ በብዛት የታየው የባትና የተረከዝ ጅማት ጉዳት ነበር። ጭነቱ ተዛወረ፣ በአብዛኛው ወደ ተሻለ ቦታ፤ ለአንዳንዶቹ ግን ወደ ባሰ። እርምጃን አሳጥሮ ቁጥሩን መጨመርም እንዲሁ ይረዳል። በ2011 የወጣ ጥናት ሯጮች በዚያው ፍጥነት የእርምጃቸውን ብዛት በ5 በመቶ ብቻ ሲጨምሩ ጉልበት የሚቀበለው ሥራ በግልጽ እንደሚቀንስ፣ በ10 በመቶ ሲጨምሩ ዳሌም እንደሚቀልለው አሳይቷል። በየቦታው የሚነገረው «በደቂቃ 180» ግን ለሁሉም ሕግ ሊሆን አይችልም። ቁጥሩ የመጣው ጃክ ዳንኤልስ የተባለው አሠልጣኝ በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ላይ በውድድር የነበሩትን የዓለም ምርጦች እርምጃ ከቆጠረበት ነው። በዝግታ የሚሮጥ ጎልማሳ 160 ላይ ቢሆን 168 ይበቃዋል።

ጋሽ ደምሴ፦ ጫማውንስ ጣዪው ነው ወይስ ያዢው የምትይው?

ሰብለ፦ ጫማ የሚባልለትን ያህል አያድንም፣ የሚወገዝበትን ያህልም አይገድልም። የአሜሪካ ጦር ለምልምሎቹ በውስጥ እግራቸው ቅርጽ እየለየ ጫማ አድሎ ሲያጠና ጉዳት አልቀነሰለትም። በሌላ በኩል በሉክሰምበርግ 848 ሯጮች ላይ በተደረገ ጥናት ጠንካራ ሶል የተሰጣቸው ለስላሳ ከተሰጣቸው አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ለጉዳት ተጋልጠዋል፤ ይህ ለባዶ እግር ወገን የሚመች ዜና አይደለም። የሚመችዎትን ያድርጉ፤ ሲለውጡ ግን በአንድ ቀን አይለውጡ።

ጋሽ ደምሴ፦ «ቀስ በቀስ» የሚለው መዝሙርሽ ግን ራሱ ተፈትኗል። በኔዘርላንድ 532 ጀማሪዎችን ወስደው አንዱን ቡድን በሳምንት ከ10 በመቶ ሳያሳልፉ ቀስ አድርገው፣ ሌላውን ፈጠን አድርገው አሠለጠኑ። የተጎዱት በሁለቱም በኩል ከመቶ 20 ገደማ ሆኑ። ቀስ ማለት የት ጠቀመ?

ሰብለ፦ ከእስካሁኑ ሁሉ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ያ ጥናት የመሰከረው የሳምንት ድምር የሚገባውን እንደማይነግረን ነው፤ ደግሞ ፈጠነ የተባለው ቡድን ራሱ ፕሮግራም ይዞ በልክ የሚጨምር ነበር። በ2025 የታተመ ሌላ ጥናት ከ5 ሺህ በላይ ሯጮችን በሰዓታቸው መዝገብ ተከታትሎ ነገሩን አጥርቶታል። አደጋው በደንብ የታየው የሳምንቱ ድምር ሲጨምር ሳይሆን፣ አንድ ሩጫ ብቻውን ባለፉት 30 ቀናት ከተሮጠው ረጅሙ ከ10 በመቶ በላይ ሲያልፍ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ተኝቶ እሁድ ጓደኞቹን ተከትሎ 18 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ሰው፣ ወይም የታላቁ ሩጫን 10 ኪሎ ሜትር ያለ ዝግጅት በአንድ ትንፋሽ ልጨርስ የሚለው ሰው የሚጎዳው በዚያ በአንዱ ቀን ነው። ቀስ በቀስ የሚለውን ቃል አልተውም፤ መለኪያውን ግን ከሳምንት ወደ ቀን አወርደዋለሁ።

እዚህ ላይ ነው የእኛ አትሌቶች ትምህርት የሚሆኑት፤ የምንመለከተው ግን ከቁርጭምጭሚታቸው በታች ያለውን ብቻ ነው። የልምምድ ሳምንታቸውን ይዩ። አንድ ቀን እንጦጦ ጫካ ውስጥ በዛፎቹ መሐል እየተጠማዘዙ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ እያወሩ ሊሮጡ በሚችሉበት ዝግታ። ሌላ ቀን ሱሉልታ ሣር ላይ፣ ሌላ ቀን ሰንዳፋ ኮሮኮንች ላይ፤ አስፋልት የሚወጡት ተመርጦ ነው። በጫካው ጥምዝምዝ አንድም እርምጃ ከሌላው ጋር አንድ ስለማይሆን ያው ጅማት በዚያው ማዕዘን 5 ሺህ ጊዜ አይወጠርም። የዓለም ባለ ክብረ ወሰን በዝግታው ቀን ማንም ጀማሪ ሊከተለው በሚችል ፍጥነት መሮጡ ብዙ ሰው የሚስቅበት ነገር ነው። እኔ ግን በአገራችን ሩጫ ውስጥ ከሁሉ በላይ ተፈጥሯዊ የምለው ይህንኑ ነው።

ጋሽ ደምሴ፦ እኔ ልጆች በሣር ላይ በባዶ እግራቸው ይሩጡ ማለቴን አልተውም።

ሰብለ፦ አይተዉ፣ እደግፍዎታለሁ። ሕፃን ጊዜ አለው፤ ሣሩ መስታወትና ሚስማር የሌለበት ይሁን እንጂ። ለትልቁ ሰው ግን ጫማ ማውለቁ ራሱን የቻለ ልምምድ ነው፦ መጀመሪያ ቤት ውስጥና በእግር ጉዞ፣ ቀጥሎ ከሩጫ በኋላ ሣር ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ በመሐል ደግሞ ደረጃ ጠርዝ ላይ ቆሞ በአንድ እግር ተረከዝን ማንሳትና ማውረድ። ጫማውን፣ አሯሯጡንና ርቀቱን በአንድ ወር ውስጥ አብሮ የሚለውጥ ሰው ሲጎዳ የቱ እንደጎዳው እንኳ ማወቅ አይችልም።

ጋሽ ደምሴ፦ መስቀል አደባባይ ማለዳ ደረጃውን የሚወጡ የሚወርዱ ወጣቶች ቢጠይቁኝስ? ማጠቃለያ አልፈልግም፣ አንድ ነገር ስጪኝ።

ሰብለ፦ ይህን ይንገሩልኝ። ከሩጫ በኋላ የሚመጣ ሰፋ ያለ የጡንቻ ድካም በሁለት ሦስት ቀን ከለቀቀ አያስፈራም። ሕመሙ ግን በአንድ ጣት ጫፍ የሚያመለክቱት ቦታ ላይ፣ ቅልጥም ወይም የእግር ጀርባ አጥንት ላይ ከሆነ፣ በየሩጫው ቀደም ብሎ ከጀመረ፣ ሌሊት ተኝተውም ከጠዘጠዘ፣ ወጌሻ እንዲያሸው አይፍቀዱ። ሩጫውን ዛሬውኑ አቁመው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ራጅ ተነስተው «ምንም የለም» ቢባሉም ወደ ልምምድ አይመለሱ፤ የአጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም።